በቦርከና ላይ የተገለበጠችው ጀልባ

ሐሙስ፣ ጥር 16፣ ከሚሴ

ወንድሜ ከማል ከአዲስ አበባ ያመጣትን የላስቲክ ጀልባ እንሞክር እያለ ሰሞኑን ሲወተውተኝ ከርሞ፣ ዛሬ ቦርከና ወረድን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ደፍርሶ ይጋልባል። «ሌላ ቀን ይሁን» ስለው «ፈራህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እልህ ያዘኝና ገባሁ።

ድንጋያማው መታጠፊያ ላይ ጀልባዋ ተገለበጠች። እኔ አንድ ቋጥኝ ላይ ተንጠለጠልኩ። ከማል የጀልባዋን ገመድ ይዞ አጠገቤ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስልኝ ነበር። «ከማል፣ እጅህን!» አልኩት። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ፊቱን አዞረና ከጀልባዋ ጋር ወረደ።

ያወጡኝ ከብት የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ቀቢ! ቀቢ! ጠበቅ አድርገህ ያዝ!» እያሉ በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮኹ በዱላቸው ጎተቱኝ። በብርዱ ምላሴ ተሳስሮ ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ከማልን ከታች ዳርቻው ላይ ጀልባዋን ሲያስተነፍስ አገኘሁት። አብረን ወደ ቤት ተመለስን። እናቴ እየተንቀጠቀጥኩ ስገባ አይታ ደነገጠች። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ፦

«ወንዙ ሊወስደው ነበር እኮ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደረስኩለት።»

እናቴ ግንባሩን ሳመችው። «ጀዛከላህ፣ የኔ ልጅ» አለች እያለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድምህን አመስግነው እንጂ!»

አመሰገንኩት።