ዓባይነህ በግራው ያላያት መኪና

ይድረስ ለእትዬ ዘነቡ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን የያዘዎት ብርድ ለቀቅ አደረገዎት? የጋሽ ማቲዎስስ ደም ግፊት ረገብ አለላቸው? እኛ፣ ወንድምዎ ዓባይነህም ልጃችን ሄለናም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን የምጽፈው ዓባይነህ፣ «በስልክ ብጀምረው ታለቅስብኛለች፤ አንቺ ጻፊላት» ስላለኝ ነው። ሳይደነግጡ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ግንቦት ላይ፣ በጋብቻችን በዓል ቀን፣ ሄለና ሁለት ብስክሌት ተከራይታልን ሃፍ ሙን ቤይ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ በመኪና አደረሰችን። ከዚያ ፔስካዴሮ እስከምትባለው መንደር በብስክሌት ልንሄድ፣ እሷ ደግሞ ማታ መጥታ ልትወስደን ነበር። ዓባይነህ በልጅነቱ ናዝሬት ላይ ብስክሌት እየተከራየ እንዴት ይከንፍ እንደነበር እርስዎ ያውቃሉ። እኔ የተማርኩት እዚህ፣ ኦክላንድ፣ ሐይቁ ዳር ነው፤ ስለዚህ እሱ ከፊት ሆነ፣ እኔ ተከተልኩት።

መንገዱ ያምራል። በስተቀኝ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ባሕር፤ በስተግራ መኪናው ይተማል። ኮረብታ ላይ ከብቶች አይቼ «በግራህ እያቸው» ብለው፣ አንገቱን ብቻ ሳይሆን ትከሻውን ጭምር አዙሮ ፈለጋቸው። ያኔ ምንም አልጠረጠርኩም።

ጥቂት እንደሄድን ነፋስ የመንገዱን ጠርዝ አሸዋ አልብሶት አገኘን። ዓባይነህ አሸዋውን ሊሸሽ ዞር ብሎ እንኳን ሳያይ ወደ ግራ ገባ። ከኋላው የመጣች ቫን ጥሩምባዋን አስጮኸች፤ እሱም ደንግጦ መሪውን ወደ ቀኝ ሲመልስ ሣሩ ላይ ወደቀ። ክርኑ ተላጠ እንጂ ሌላ አልተጎዳም። ሹፌሯ፣ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ፣ ቆማ ወረደች። ውኃ ሰጠችውና «አላየኸኝም?» አለችው። «ደህና ነኝ» አላት።

እሷ ከሄደች በኋላ ደግሜ ጠየቅሁት።

«አላየኋትም» አለኝ። «በግራ በኩል ከገና ወዲህ እንደ ጉም ነው።»

እትዬ፣ ይህ ሰው በየጠዋቱ እዚህ አጠገባችን ካለችው ከዳብሊን ከተማ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ጭኖ ቢሮ የሚያደርስ ሹፌር ነው። «ሰኞ አትነዳም» አልኩት። «ሥራዬን ልተው?» አለ። «ሰው ከምትገድል ተወው» አልኩት። ብስክሌቱን ከሣሩ ላይ አነሳ።

እዚያ ስልክ ስለማይሠራ ሄለናን መጥራት አልቻልንም። ብስክሌታችንን እየገፋን ጥቂት ተጓዝንና መንገዱ ሰፋ ሲል እኔ ቀይ ጃኬቴን ለብሼ ከፊት ወጣሁ። «አሸዋ!» እለዋለሁ፣ «እሺ» ይለኛል፤ «መኪና!» እለዋለሁ፣ «እሺ» ይለኛል። በትዳራችን እንደዚያ ቀን ታዞልኝ አያውቅም። ፔስካዴሮ ስንደርስ ስልክ ሠራ፤ አንድ ዳቦ ቤት ደጃፍ ቆሞ አለቃውን ራሱ ኮል አደረገው፤ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሹፌር እንዲፈልግ ነገረው። ሄለና ስትሰማ በእንግሊዝኛ ጮኸችበት፤ ከዚያ አቅፋው አለቀሰች።

ዓይኑን ያየው ሐኪም ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ነው አለ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በየቀኑ የሚጨመር ጠብታ ሊያቆይለት ይችላል። አሁን እዚያው መሥሪያ ቤት ስልክ እየተቀበለ ሹፌሮቹን ያሰማራል። ደስተኛ ነው አልልዎትም፤ ግን በየጠዋቱ ይሄዳል።

ዋናው የጻፍኩበት ጉዳይ ይኸውና። ሐኪሙ ከቤተሰብ ዓይኑን የታመመ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ዓባይነህ አባታችሁ ግድግዳ እየዳበሱ ይሄዱ እንደነበር አስታወሰ። ሁላችሁም እርጅና ነው ብላችሁ ነበር። በሽታው በዘር ስለሚሄድ እህትና ወንድም ሁሉ መታየት አለበት ተብለናል። አያምም፣ አይቆጠቁጥም። ስለዚህ «ደህና ይታየኛል» አይበሉኝ፤ ወንድምዎም የሚለው እንደዚያው ነበር። በዚሁ ሳምንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱልኝ።

ጋሽ ማቲዎስን ጉልበት ይሳሙልኝ። ጎረቤትዎን ነጃትን ስለ ጸሎቷ ያመስግኑልኝ። ወንጌላዊትን፣ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ ብላሻለች ይበሏት። ታይተው ሲመለሱ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ይደውሉለት። አይጠይቅዎትም እንጂ እየጠበቀ ነው።

አክባሪዎ፣
ዕፀገነት

ካስትሮ ቫሊ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.