የማንቂያ ደወላችንን ስላሳመረው ሙዚቃ

«ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም የሥልጠና ስላይድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማይቋረጥ የጀርባ ሙዚቃ ይኖረዋል፤ አሠልጣኞች ድምፁን መቀነስም ሆነ ማጥፋት አይፈቀድላቸውም።»

ይህ ቃል በቃል የእርስዎ ማስታወቂያ ነው።

ለተከበሩ የፋብሪካችን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጆሮዎ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የፋብሪካው የደኅንነት መሐንዲስ ነኝ፤ አዳዲስ ሠራተኞች እንፋሎት በሚያመርተው ቦይለር አጠገብ ከመሰማራታቸው በፊት የማሠለጥናቸው እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ደፍሬ ሳይሆን ፈርቼ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሙዚቃው ምርጫ አመሰግናለሁ። ከስላይዶቼ አንዱ ጽሑፍ የለውም፤ የቦይለሩን የማንቂያ ደወል ብቻ ያሰማል፤ ሠልጣኙ ድምፁን ለይቶ እንዲያውቅና በሰማው ጊዜ የያዘውን ጥሎ እንዲወጣ። የእርስዎ ክፍል ግን ሙዚቃውን «በሁሉም ስላይዶች ላይ ይጫወት» ብሎ ሲያስገባ ደወሉ ስለረበሸበት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከከበሮው ምት ጋር አስማማው። በእውነት ያምራል። ሠልጣኞቹ ወለሉን በእግራቸው እየመቱ ነው የተከታተሉት።

ሁለተኛ፣ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ሙዚቃውን ላጠፋ ሞክሬ ነበር። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ምልክት ከፋብሪካው አርማ ሥር ደብቃችሁታል፤ ፋይሉንም በይለፍ ቃል ቆልፋችሁታል። ጥንቃቄያችሁ ያስቀናል፤ የቦይለሩ ክፍል እንኳ እንዲህ አልተቆለፈም።

ሦስተኛው እንዲህ ነው። ባለፈው ማክሰኞ የእንፋሎቱ ግፊት ከልክ አልፎ እውነተኛው ደወል ጮኸ። ነባሮቹ እየሮጡ ወጡ። እኔ ወደ ውስጥ ስሮጥ፣ ያሠለጠንኳቸው አዳዲሶቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም፤ አንዱማ ትከሻውን እየነቀነቀ «ጋሼ፣ ያቺ የሥልጠናዋ ዘፈን መጣች!» አለኝ። እየጎተትኩ አስወጣኋቸው። የግፊት ማስተንፈሻው በጊዜው ባይከፈት ኖሮ ምን እንደምጽፍልዎ፣ ለማን እንደምጽፍም አላውቅም። ከጎተትኳቸው አንዷ የገዛ ልጄ ናት።

ይህንኑ በቃል ስነግርዎ «እንግዲያው ሥልጠናው በደንብ ታውሷቸዋል ማለት ነው» ብለው አጽናኑኝ። ልክ ነዎት። ከዚያ ወዲህ እዚያው ቦይለሩ ላይ ያለውን እውነተኛ ደወል ብቻውን ደጋግሜ አሰማኋቸው፤ ዛሬም ሲሰሙት ፈገግ ይላሉ። ያ ፈገግታ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሥራ የማስቆም ሥልጣን ስለሌለኝ ሰኞም ወደ ቦይለሩ ይገባሉ።

ስለዚህ ሙዚቃው ከስላይዶቼ ተነሥቶ ፋይሉ እንዲከፈትልኝ፣ ደወሉም እናንተ ባልነካካችሁት ሌላ ድምፅ እንዲተካ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ለዜማ ያለዎትን ፍቅር እያደነቅሁ፣ ከቦይለሩ እጅግ በራቀው ቢሮዎ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ የምመኝ፣

ትሑት አገልጋይዎ፣
የደኅንነት መሐንዲሱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ትናንት ሰሃን ስታጥብ ያንን ሙዚቃ ታንጎራጉር ነበር። ደወሉ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች እንጂ አላቆመችም። የጽሑፍ መልስዎን እስከ ጥቅምት ሃያ እጠብቃለሁ፤ ፊርማና ማኅተም ይኑረው፤ ሙዚቃ አያስፈልገውም።