በግራ በኩል ያለው ድምፅ

ኅዳር 3፣ ጠዋት

ዛሬም ከበሮውን ብቻ። ቃሉን አልሰማም፣ ዜማውን አልከተልም። በሦስተኛው ዙር መሐል ላይ እንደሚቸኩል ያዝኩት። ጻፍኩ።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን የድሮ የመዝሙር ካሴት ጸድቶ እንደገና ሊወጣ ነው። ያኔ የመዘምራኑ መሪ ስለነበርኩ ጉድለቱን ለቅሜ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ስለ ቀረጻ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ባለ ስቱዲዮው ኦቦ ቶሎሳ ማስታወሻዬን አይቶ ሳቀ። «እትዬ፣ ጆሮዎ ሳይሰማ ይፈርዳል እኮ።» ጥሩ፣ መጥፎ ብሎ መጻፍ ተከለከልኩ። የሰማሁትን ብቻ።

ኅዳር 6

ደብተሬ፣ ያልነገርኩህ አለ። እዚህ ካሴት ላይ በየስንኙ መጨረሻ አንድ ድምፅ ከዜማው ይወርዳል። ያኔም ሰምተነዋል። ጫልቱ ናት አልኩ። ልጅ ነበረች። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛዋ ስለሚሰባበር ዜማዋም የሚሰበር መሰለኝ። በሰው ፊት ከመዘምራኑ አስወጣኋት። አልተመለሰችም።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። ስለ ዜማ ምን ታውቃለህ አልኩት።

ኅዳር 7፣ ከሰዓት

ቀረጻው በሁለት ማይክ ነው። ግራው እኔ ፊት፣ ቀኙ ጫልቱ ፊት። አልረሳሁም፤ ሁሉንም ቦታ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ኦ. ቶሎሳ አንዱን ዘግቶ ሌላውን መስማት አሳየኝ።

ቀኙን ከፈትኩ። ጫልቱ። እስከ ስንኙ መጨረሻ ቀጥ ያለች።

ግራውን ከፈትኩ። እኔ። እወርዳለሁ። በየስንኙ።

ማዳመጫውን አወለቅኩ። ኦ. ቶሎሳ ገባው መሰለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። በኮምፒውተር አቃናዋለሁ፣ ማንም አያውቅም አለ።

እሺ አልኩ። እሺ አልኩ፣ ደብተሬ።

ኅዳር 9

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅጥሩ ውጪ ቆሜ ተመለስኩ። አምቦ ላይ እንደ እኔ ጆሮ ያለው የለም ሲባል ስንት ዓመት ዝም ብዬ ሰማሁ።

ኅዳር 10

ለኦ. ቶሎሳ ደወልኩ። አታቃናው አልኩት።

«እትዬ፣ ካሴቱ ይወጣል። ሰው ይሰማዎታል።»

ይስማኝ።

ጫልቱ እጃጂ ከተማ ናት አሉ፣ የእህል ሱቅ አላት። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ። ኦ. ቶሎሳ ቅጂውን ስልኬ ላይ ጭኖልኛል፣ ማዳመጫውንም አውሶኛል። መጀመሪያ በቀኙ ራሷን ትስማ። ከዚያ ግራውን እከፍትላታለሁ።

ይቅርታውን በኦሮምኛ ነው የምጠይቃት። ስለማመደው ዋልኩ። የእኔ ኦሮምኛ ይሰባበራል። በሱቋ፣ በገበያተኛ ፊት፣ እየተሰባበረ ትስማው።