ተናዛዥ፦ እኔ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ጋሼን በቁሙ ቀበርኩት። ጋሼ አለቃዬ ነው። ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ደረጃ ሥር ያለችው የጽሕፈትና የኮፒ ክፍል የሱ ናት። እኔ ደግሞ ጸሐፊው፣ ኮፒ አንሺውና ራስ ምታቱ ነኝ። ምሳ በልቶ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ጠበቀው፦ “ኑዛዜ። እኔ የዚህ ቤት ባለቤት፣ አእምሮዬ ሙሉ ባይሆንም፣ የሚሽከረከረውን ወንበሬን ለታታሪው ጸሐፊዬ፣ የማይሠራውን ማራገቢያ ለጠላቴ...” አነበበ። መነጽሩን አወለቀ። ደግሞ አነበበ።

“አንተ ውሪ! በሕይወት እያለሁ ልትከፋፈለኝ?”

ማስመሪያ ይዞ ጠረጴዛውን እየዞረ አሳደደኝ። ሁለት ዙር አመለጥኩት። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠረኝና ተቀመጥኩ። ጋሼ ያሸነፈ መሰለው... ይምሰለው።

ከዘጠነኛ ክፍል ያባረሩኝ በከንቱ አይደለም። ለርዕሰ መምህሩ የጡረታ ደብዳቤ ጽፌለት ነበር። ደብዳቤው ግን ጥሩ ነበር፤ ሁለት ቀን አምኖበታል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሐኪም ቤት።

“የልብህ በር ጠቧል” አለች ሐኪሟ። “መቀየር አለበት። ለኅዳር 5 ይዘንልሃል።”

“በሩ ብቻ ነው ወይስ ከነቁልፉ?”

አልሳቀችም። እኔ ላይ የማይስቅ ሰው ብዙ አለ፤ የሰለቸው ነው። ይቺ ግን አልሰለቸኋትም። አዘነችልኝ። እሱ ነው ያስፈራኝ።

“ቤተሰብ ይዘህ ና። አንተ ተኝተህ ሳለ ውሳኔ ቢያስፈልግ የሚፈርም ሰው።”

“ከተኛው ስንቱ ይነሳል?”

“አብዛኛው።”

አብዛኛው ማለት ሁሉም አይደለም። ይቺን ያህል ሒሳብ ዘጠነኛ ክፍል ሳልደርስም አውቅ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ለእቴቴ አልነገርኳትም። እናቴ ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደገችኝ ታናሽ እህቷ እቴቴ ናት። አላገባችም፣ አልወለደችም። “አንዱን ሰይጣን አሳድጌ ልጨርስ መጀመሪያ” ትላለች።

የምንኖርበት ቤት ግን የሷ አይደለም። እናቴ ለኔ ያወረሰችኝ ነው። ሁለት ክፍል። ፊተኛው ውስጥ የእቴቴ የስፌት መኪና፣ የተማሪ ዩኒፎርም ክምር፣ ባለቤታቸው የረሳቸው ሱሪዎች። ኋለኛው መኝታችን።

ባልነሳስ? ቤቱ የማን ይሆናል?

ጋሼን ጠየቅኩት። “ለደንበኛ ነው” ብዬ።

“ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው፣ ሳይናዘዝ ቢሞት ማን ይወርሰዋል?”

“እናት አባቱ” አለ ከጋዜጣው ቀና ሳይል።

“እናቱ ሞታለች። ያሳደገችው አክስት አለች።”

“አባትየውስ?”

“አለ... የሆነ ቦታ።”

“እንግዲያማ አባትየው ነዋ! አክስት ምን አላት?”

አባቴ። በዓይኔ ያየሁት አምስቴ ቢሆን ነው። በመጣ ቁጥር የመጀመሪያ ሥራው ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ “ድንጋይ ነው ወይስ ብሎኬት?” ማለት ነው። እቴቴን ስሟን ጠርቶ አያውቅም። “ሴትዮዋ አሁንም እዚህ ናት?”

ከሰዓት በኋላ አንድም ፊደል በትክክል አልጻፍኩም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

መፍትሔ አገኘሁ ብዬ ነበር። ውክልና! ለእቴቴ ሙሉ ውክልና። “በስሜ ያለውን ቤት እንድትሸጥ፣ እንድትለውጥ፣ እንድታከራይ፣ ፍርድ ቤት ቀርባ እንድትከራከር...” ዓይኔን ጨፍኜ የምጽፈው። በአምስት ደቂቃ አልቆ መስኮት አራት ጋ ወሰድኩት።

መስኮት አራት ስሟ አይደለም፤ የምትሠራበት ነው። እዚያው ተወልዳ ያደገች ነው የሚመስለው።

“ለምንድን ነው ውክልናው?”

“ምናልባት እኔ ከሌለሁ...”

“የት ሄደህ?”

“ከሌለሁ ነው የምልዎት።”

ቀና ብላ አየችኝ። “ልጄ፣ ውክልና ወካዩ እስካለ ነው። አንተ የሞትክ ቀን ወረቀቱም አብሮህ ይሞታል።”

ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ ደረጃው ሥር ተቀምጬ ለሽማግሌው፣ ለአሮጊቷ “ይቺ ትበቃዎታለች፤ ሄደው እንቅልፍዎን ይተኙ” ስል ኖርኩ። ጋሼም እንደዚያ ነው የሚለው። ደረጃው ሥር ያለን ጸሐፊዎች ሁሉ እንደዚያ ነው የምንለው። ስንቱን ነው በማይሆን ወረቀት ያስተኛሁት?

“አንተ የሚያስፈልግህ ኑዛዜ ነው” አለች። “በኔ ፊት ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። የምታወርሳት ሴት ምስክር መሆን አትችልም። ደግሞ ቀልድ ከሆነ...”

“አይደለም።”

“የጽዳት ሠራተኛችንን በደብዳቤ ዋና ዳይሬክተር ያደረግካት አንተ አይደለህም?”

እኔ ነኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ ዳይሬክተር ነበረች፤ ሁለት ሰው ፈቃድ ጠይቋታል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ኑዛዜዬን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ከባዶ መጀመር አቃተኝ። እኛ ቤት ማንም ከባዶ አይጀምርም፤ ያለፈውን ደንበኛ ፋይል ከፍተን ስም እንቀይራለን። እኔም ቀየርኩ። ፕሪንተሩ ሲተፋው አየሁት፦ “ለሰባቱ ልጆቼና ለሁለተኛዋ ባለቤቴ...”

ሳቅኩ። በአንድ ደቂቃ የሰባት ልጅ አባት! ቀጥሎ ያለው መስመር፦ “ከሞትኩበት ዕለት ጀምሮ...” ልጆቹን አጠፋኋቸው። ይሄኛው ግን የሚጠፋ አይደለም። ይሄኛው የኔም ነው።

አስተካክዬ ስጨርስ ጋሼ ከኋላዬ ሆኖ ያነብ ነበር ለካ። “‘ቤቴን ላሳደገችኝ አክስቴ አውርሻለሁ’... አይ አንተ! አሁን ደግሞ በራስህ ጀመርክ?” እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ወስዶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ ደንበኛ ሁሉ እንዲያየው።

እኔም አብሬው ሳቅኩ። ለምን አልነገርኩትም? እንጃ... እሱ ሳቁን ካቆመ እውነት ይሆናላ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አባቴ ደወለ። ከሁለት ዓመት በኋላ። ሐኪም ቤት ያየኝ ዘመድ ነግሮት ይሆናል።

“ታመምክ አሉ።”

“ደህና ነኝ።”

“ጎበዝ። የቤቱ ካርታ አንተ ጋ ነው ያለው ወይስ ሴትዮዋ ጋ?”

ምንህን ነው ያመመህ አላለም። ዘጋሁት።

ከፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናው ታካ ታካ ይላል። “ማነው?” አለች እቴቴ።

“የተሳሳተ ቁጥር።”

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ከኛ በላይ ፎቅ ላይ የሚሠራው ፀጉር አስተካካይና ጋሼ ምስክር እንዲሆኑኝ ትናንት ጠየቅኳቸው። “ነገ በአራት ሰዓት፣ መስኮት አራት።”

“የምን ምስክር?”

“የኑዛዜዬ።”

ሁለቱም ተያይዘው ሳቁ። “እሺ፣ ሱፍ ለብሰን ነው?” አለ ፀጉር አስተካካዩ። አምና ሠርጌ ነው ብዬ ሱፍ አስለብሼ ፀሐይ ላይ አቁሜያቸው ነበር። እኔ ከፎቅ ላይ ሆኜ ሳያቸው...

ዛሬ ቆምኩ መስኮቱ ጋ። አራት ሰዓት። አምስት ሰዓት።

“ምስክሮችህስ?”

“መንገድ ላይ ናቸው።”

መንገዱ ሃያ እርምጃ ነው። በመስታወቱ ይታየኛል፤ ጋሼ ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ ሻይ ይጠጣል። እጁን አውለበለበልኝ። ዘንድሮስ አልሸወድም ማለቱ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ መስኮቱ ተዘጋ።

አሥራ ስድስት ቀን ቀረኝ። ዛሬ ብደፋስ? ደረጃው ላይ ዝም ብዬ ብወድቅ፣ ሁሉም የሚያጨበጭብልኝ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ፀጉር ቤት ወጣሁ። ሃያ ሁለት ደረጃ፣ ሁለት ዕረፍት። ወንበሩ ላይ ተዘረገፍኩ። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን ሊያስርልኝ ጀመረና እጁ አንገቴ ሥር ቀረ።

“ምንድን ነው የሚዘለው?”

“ልቤ።”

“ልብ እንዲህ አይዘልም።”

“የኔ ይዘላል። እንደኔው ባለጌ ነው።”

በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። ምላጩን አስቀመጠ። “እቴቴ ትሙት በል!”

“እሷን አልልም። እኔ ልሙት።”

በቀን መቶ ጊዜ እላታለሁ ይቺን። ዛሬ ግን አፌ ውስጥ ደረቀችብኝ። እሱም ሰማው መሰለኝ። “በል ተነሥ” አለኝ ቀስ ብሎ። ከነፎጣዬ ክንዴን ይዞ ወደ ጋሼ አወረደኝ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ እየቆመ።

ነገርኩት ለጋሼ። የልቤን በር፣ ቀኑን፣ አባቴን፣ ቤቱን። ጋሼ ሄደና ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ኑዛዜ በጥፍሩ ቀስ እያለ አላቀቀው። እንዳይቀደድ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ቤት ስገባ የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። ገባኝ። የጋሼ ምላስ።

“ስንት ቀን ደበቅከኝ?”

“አሥራ ስድስት።”

“አየህ፣ ቆጥረኸዋል!”

ሁለት ወረቀት እንዳለ ነገርኳት። አንዱ ውክልና ነው፤ እኔ ተኝቼ ሳለ በኔ ፈንታ ለሐኪሞቹ እንድትወስን። ሌላው...

“ሌላውን ተወው።”

“እቴቴ ስሚኝ። ሰውየው ቤቱን...”

“የተኛ ልጅ ጉዳይ ይመለከተኛል። አምጣው፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ። የሞተ ልጅ ጉዳይ ግን አልሰማም! ይውሰደው ቤቱን!”

“የት ትገቢያለሽ?”

“መኪናዬን ተሸክሜ መንገድ ዳር እሰፋለሁ! አንተ ምን አገባህ? አንተ... አንተ...” ስድቡ ጠፋባት። ለኔ ስድብ ጠፍቷት አያውቅም።

ጀርባዋን ሰጠችኝና ሱሪ አንሥታ መስፋት ጀመረች። መርፌው ላይ ክር አልነበረም። አየሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሁለቱም ሱፍ ለብሰው መጡ። ሳልጠይቃቸው።

“ራስህ አንብበው፤ ሁሉም እንዲሰማ” አለች መስኮት አራት።

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። “እኔ ተናዛዥ...” ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ቤቱን ለእቴቴ። ቀጥሎ መስኮት አራት አስጨምራኝ የነበረችው መስመር፦ “አባቴን ከውርስ የነቀልኩት ረስቼው ሳይሆን አውቄ ነው።” እዚህ ላይ ውኃ አማረኝ።

አንድ ቀልድ አስገብቼ ነበር መጨረሻ ላይ፦ “ሰው የማስደነግጥባትን የፕላስቲክ አይጤን ለአለቃዬ።” ቀና ብዬ አየኋቸው። ማንም አልሳቀም። ጋሼ ክራቫቱን አስተካክሎ “ተቀብያለሁ” አለ። አይጥ እኮ ነው! እኔው ሳቅኩ፤ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊዞርብኝ ሲል ዋጥኩት።

ፈረምን። ውክልናውንም አብሬ ፈረምኩ። ማኅተሙ ዷ! ሲል ዘለልኩ።

ቅልል ይለኛል ብዬ ነበር። ቤቱስ ዳነ። እኔ ግን እንዳለሁ አለሁ... ፍርሃቱ ወረቀት አይፈራም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አልጋ ቁጥር ስድስት። ከኋላ የሚታሰር ልብስ አልብሰውኛል፤ ግማሹ እኔ ውጭ ነው። እቴቴ ውክልናውን ለሐኪሞቹ አሳየች። “በሱ ፈንታ የምወስነው እኔ ነኝ” አለቻቸው፤ ወረቀቱን ግን ከእጇ አልለቀቀችም።

ነርሷን በአይጥ ላስደነግጥ አስቤ ነበር። ራሴን አስደንግጬ ጨረስኩ።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። እፈራለሁ። እፈራለሁ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ቤት ገባሁ። እቴቴ ደረቴ ላይ ያለውን ስፌት አየችው። ጠጋ ብላ መረመረችው። “ማን ነው የሰፋው? ጠማማ ነው እኮ! ለኔ ቢሰጡኝ...” ስስቅ አመመኝ። ማመሙ ራሱ ደስ አለኝ።

ቀጥላ “ተርፈሃል እንግዲህ፣ ያን ወረቀት ቅደድልኝ” አለች።

“አልቀድም።”

“ሟርተኛ!”

“እቴቴ፣ ክኒኑ ዕድሜ ልክ ነው። ይቀመጥ። እኔም እቀመጣለሁ፣ እሱም ይቀመጥ።”

መልሳ የምትሰፋውን ሱሪ አነሣች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ሥራ ጀመርኩ። አሁን ውክልና ሊያጽፍ የሚመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ፦ “እርስዎ ካለፉ በኋላም እንዲሠራ ነው የሚፈልጉት?” አንዱ ተቆጥቶኝ ወጣ። አንዷ ተመልሳ ተቀመጠች። ጋሼ ማጉረምረም ትቶ እሱም መጠየቅ ጀምሯል።

ከሰዓት በኋላ እቴቴ መጣች። ቀሚሷ ላይ የክር ብጥስጣሽ። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

“ጻፍልኝ።”

“ምኑን?”

“የኔን። ሁለቱንም ወረቀት።”

“ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?”

“ምንም አልሆንኩም። አንተ ነህ የታመምከው፣ እኔ አይደለሁም። መኪናዬን ዘመድ ነኝ ባይ መጥቶ እንዲሸከማት አልፈልግም። ጻፍ። ወራሽ፦ ልጄ።”

“‘የእህቴ ልጅ’ ነው የሚባለው። መስኮት አራት ትመልሰዋለች።”

“ትመልሰኝ! ልጄ በል።”

ጻፍኩ። ልጄ። ከዚያ ወደ ላይ ተመለስኩ። “ተናዛዥ” ይላል፤ ከፊቱ ባዶ ነው። ስሟ ነው የሚገባው። ጣቴ አልሄድ አለ። የራሴን ስጽፍ እንኳን እንዲህ አልፈራሁም። የራሴ ጊዜ ቢያንስ እኔ አላየውም ነበር...

“ኮምፒውተሩ ተበላሸ” አልኳት። “ነገ ነይ።”

የበራውን ስክሪን አየችው። እኔን አየችኝ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተደላደለች።

“አልቸኩልም” አለች። “እስኪሠራ እጠብቃለሁ።”

ግማሽ ሰዓት ጠበቀችኝ። ከዚያ ሠራ።