የእናትህ ሙዳይ

አዘዘ፣

እናትህ ራሳቸው ሰፍተው ከይፋግ ያመጡትን ሙዳይ እህትህ ወለላ በሁለት እጇ ተቀብላለች፤ ስለዚህ ጋብቻውን ወዳለች ይላሉ። ወለላ ግን "ደክሟት ስለመጣች አሳረፍኋት እንጂ ለመዳር አልተቀበልሁም" ትላለች።

ሁለቱም አይዋሹም። "ተቀበያቸው እንጂ" ያልኋት እኔ ነኝ። በእናንተ በኩል የእናቷን ሙዳይ የተቀበለች ልጅ እሺ እንዳለች እንደሚቆጠር አላወቅሁም ነበር።

ሽሮው ድስት ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

"የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን እንኳ ትጨርስ" ብዬ ለመንኋቸው። "አስማማው፣ አንተ ወንድሟ ነህ ወይስ ባሏ?" አሉኝ።

ክዳኑን ከፍተው የአያታችሁን ድሪ ካሳዩዋት ወዲህ ወለላ ከሙዳዩ አልተለየችም። ክዳኑ ላይ የተሰፋውን ዛጎል በጣቷ ትዳስሳለች።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው መኪና በር ላይ ጡሩንባ እየነፋብኝ ነው፤ መቅረት አልችልም። የይፋግ አውቶቡስ በስድስት ሰዓት ይነሳል። ከፋብሪካ እንደገባህ መናኸሪያ ድረስባቸው። አንተን ይሰሙህ ይሆናል።

ይህን ስጽፍ ወለላ ሙዳዩን አቅፋ ተነሣች። ወደ እኔ ሳታይ፣ ጮክ ብላ፣ "እማዬ፣ ተነሽ። ለሠርጉ በጠራሽው ሰው ፊት አላሳፍርሽም፤ አብሬሽ እሄዳለሁ" አለች።