ሳይቀረጽ የተጠናቀቀው ፊልምሽ

ውድ ረይሀና፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ ብጀምር አፍራለሁ። እንዴት እንደከረምሽ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ እንዲያ ያከረምኩሽ እኔ ነኝ።

ባለፈው ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን «መሓሪ፣ አንተ እዚያው ቢሮ ነህ፤ የፊልም ድጋፉን ለምን እንደከለከሉኝ እስቲ ጠይቅልኝ» ስትይኝ፣ «ቢሮክራሲ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» ብዬ ሒሳብ ጠየቅሁ። መልሱን ግን አውቀው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤታችን የአሥር ዓመት የፊልም ልማት ዕቅድ አወጣ። በመጀመሪያው ዓመት አራት ፊልሞች ይደገፋሉ ይላል። ሰኔ ላይ ሦስት ብቻ ሆኑ። አለቃዬ ወይዘሮ ትርሓስ «ሰባ አምስት በመቶ ይዤ ግምገማ አልገባም። በሂደት ላይ ያለ የለህም?» አሉኝ። ያንቺ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ዛሬ ባይሆን ነገ መደገፉ አይቀርም ብዬ፣ በአባትሽ የልብስ ስፌት ቤት ልትሠሪ ያሰብሽውን ፊልም «ተደግፎ ተጠናቋል» ብዬ ሪፖርት ውስጥ ከተትኩት። መቶ በመቶ ሞላን። ተጨበጨበልኝ፤ አልዋሽሽም፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

ዘንድሮ ድጋፉ በእውነት ሲመጣ ኮሚቴው መዝገብ አገላብጦ «አመልካቿ ከዚህ ቀደም ተደግፋለች» አለ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እንጀራዬን ፈርቼ አቀረቀርኩና ውድቅ መደረግሽን በገዛ እጄ ጻፍኩ።

ትናንት በእሪ በከንቱ ሳልፍ አባትሽ ጠሩኝ። ከጎናቸው ያሉት ቤቶች ፈርሰዋል፤ የእሳቸውም በር ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቷል። በልጅነቴ የትምህርት ቤት ሱሪዬን ያሳጥሩልኝ የነበሩት ጋሽ እንድሪስ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ፣

«ና እስቲ መሓሪ፣ አንተ የመንግሥት ሰው ነህ። ይቺ ልጅ ልቀርጽህ ነው ስትለኝ ሦስት ዓመቷ። ጢሜን ልቁረጠው ወይስ ልተወው?» አሉኝ።

«ይተዉት ጋሼ፣ ያምርብዎታል።»

«እኔስ እጠብቃለሁ፤ ቤቱ ነው የማይጠብቀው። በሚቀጥለው ወር ተነሱ ብለውናል።»

ዐይናቸውን ማየት አቃተኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ ግን እያደር ከበደኝ።

ዛሬ ጠዋት ለኮሚቴው ደብዳቤ አስገባሁ። «ያልተሠራውን ፊልም ተጠናቋል ብዬ ሪፖርት ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አመልካቿ ምንም ድጋፍ አላገኘችም» ይላል። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥተው ማኅተም መትተውበታል፤ ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ። ወይዘሮ ትርሓስም አንብበውታል። ከሥራ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ፤ ቢያደርጉትም ይገባኛል።

ይቅር በይኝ ለማለት ገና አልደፍርም። ይግባኝሽን ግን ሐሙስ ጠዋት አስገቢ፤ ከዚያ ወዲያ አይቀበሉም። ማስረጃ ካሉሽ ቅጂውን ስጪያቸው። ምስክር ካሉሽ ስሜን ጥሪ፤ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

የበደልኩሽ ጓደኛሽ፣
መሓሪ