ለገዛ ጭቃዬ ስንት ልስጥ

ጥቅምት 22፣ ማክሰኞ

የዩኒፎርም ኮሌታ። ሰማያዊ፣ አሁንም ሰማያዊ። መስከረም ላይ ያላሰፋ ወላጅ ሁሉ ዛሬ ትዝ ብሎታል። ዝናቡ አላቆመም። ዕቃ የጫኑ መኪኖች ጭቃውን በሱቄ ደፍ ላይ እየረጩ ያልፋሉ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ንጋቱ ደላላው ሱሪውን ሊያሳጥር መጣ። እንደ ዋዛ ነገረኝ፤ ተሰማ ቤቱን ሊሸጥ ነው አለ። እግሬ ከመርገጫው አልተነሳም። መርፌዋ ግን ኮሌታውን ስታ ጨርቁን በላችው።

ደብተሬ፣ ስለ ተሰማ እስከ ዛሬ ጽፌልህ አላውቅም። ባሌ ነበር፣ ሰባት ዓመት። ያንን ቤት ስንሠራ እንጨቱን እሱ አቆመ። ጭቃውን የረገጥኩት እኔ፣ የመረግሁት እኔ። ቆርቆሮው የተገዛው በዚህችው የስፌት መኪና ነው። ስንፋታ ሽማግሌዎቹ ቦታው የአባቱ ነው፣ ቤት ደግሞ ከቦታው አይነቀልም ብለው ፈረዱ። መኪናዬንና አልጋውን ይዤ ወጣሁ። አራት ዓመት ሆነኝ፣ በሰው ግቢ፣ በኪራይ።

አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ይላል። ለዚያ ቤት።

ጥቅምት 23፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ዋልኩ። ምን አገባኝ? ደግሞስ ለምን አያገባኝ?

በስሜ የሚጠራ ቤት ኖሮኝ አያውቅም። መጀመሪያ ያባቴ፣ ከዚያ የባሌ፣ ከዚያ የአከራዬ። ያጠራቀምኩት ለቤት ነው፣ ይህን አንተም ታውቃለህ። ግን ለየትኛው ቤት እንደሆነ ለራሴም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ሌላ ፈላጊ አለ። የፍስሐ ገነት ከተማ ቡና ነጋዴ፣ መጋዘን ሊያደርገው። ቡናው ገና እየተለቀመ ስለሆነ እጁ ላይ ገንዘብ የለም። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ዲላ ውስጥ ዋጋ የሚባል ነገር አይያዝም። ቶሎ መሆን አለበት።

ለማርታ ነገርኳት። ግድግዳ ነው የሚለየን፣ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ናት፣ የጌዴኦ ልጅ፣ ጸሎተኛ። ቁስል ስታጥብ እንደምታደርገው ጎንበስ ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣ “ግማሽዋ ያንቺ ናት። ግማሽ ስጪው” አለች። ሳቅሁ። ምሳ ስበላ ግን አልሳቅሁም። ሰባት መቶ ሃምሳ። ከዚህ የተስተካከለ ፍርድ የት ይገኛል? የሚቀበለውም የት ይገኛል?

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ

አቶ ንጋቱን አነጋገርኩ። ስሜ እንዳይነሳ ብዬ አስማልኩት። ገዢው የወናጎ ሰው ነው ይበለው። ሰባት መቶ ሃምሳ ስለው ሱሪውን አጣጥፎ ሊወጣ ተነሳ። ነጋዴው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብሏል፣ ወ/ሮ ዘነበች፣ በዚህ ሒሳብ የቤቱን በር እንኳ አይሸጥልሽም አለ።

መጀመሪያ እንድናየው ይላል። ጨለማ ውስጥ ብትለቀኝ በዳበሳ ጓዳው ድረስ የምሄድበትን ቤት። ሳያይ ዋጋ የሚጠራ ገዢ ግን ያስጠረጥራል አለኝ። ተሰማ፣ ከእንግዲህ ተ. ልበለው፣ ነገ በማለዳ ወደ ይርጋ ጨፌ ይሄዳል፣ ሰኞ ነው የሚመለሰው። ነገ እንሄዳለን፣ የገዢው እኅት ነኝ።

ጥቅምት 27፣ እሁድ

ሄድኩ።

በሩን የከፈተችው አዲሷ ሚስቱ ናት፣ ብርቄ። የአለታ ወንዶ ልጅ፣ አሥራ ስምንት ቢሞላት ነው። ሆዷ ገፍቷል፣ እግሮቿ አብጠዋል። አላወቀችኝም። እትዬ አለችኝ። በርጩማውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ አስቀመጠችኝ፣ ከቆጮ ጋር ጎመን አቀረበች። ደብተሬ፣ ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

ቤቴን አስጎበኘችኝ። ይሄ ጓዳ ነው አለችኝ። በዚህ በኩል መስኮቱ ስር ሲዘንብ ውሃ ይገባል፣ ልደብቅሽ አልፈልግም አለች። አውቃለሁ። ያኔ ቤቱን ስንሠራ እዚያ ጋ ስንደርስ ጭዱ አልቆብን ነበር፣ ተ. ነገ ይመጣል እያለ ጭቃው ደረቀ፣ ባዶውን መረግሁት። ከዚያ ግድግዳውን መታ አድርጋ፣ ባለቤቴ ብቻውን ነው በእጁ የሠራው አለች። ኩራት ነበረው ድምፅዋ።

“እጁ ይባረክ” አልኳት።

አቶ ንጋቱ ሳል ያዘው።

ስንወጣ ነጠላዬን ያዝ አደረገችው። ከገዛችሁት ወዲያው ታስወጡናላችሁ ወይ፣ ወልጄ ቢሆን አለች ቀስ ብላ። ገንዘቡ ለጭነት መኪና ነው። ተ. ከአንድ የሻሸመኔ ሰው ጋር ኤንትሬ በሽርክና ሊገዛ ነው። እነሱ ለጊዜው ክፍል ይከራያሉ። “ለጊዜው” የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አለችው። 

ጥቅምት 29፣ ማክሰኞ

ሥራ የለም። ቁጥር ብቻ።

ዝቅ ብል ለነጋዴው ይሰጠዋል። የነጋዴውን ያህል ብል የገዛ ጭቃዬን በነጋዴ ዋጋ መግዛቴ ነው። ከፍ ብል ተ. በኔ ገንዘብ ኤንትሬ ላይ ወጥቶ ጡሩንባ እየነፋ በሱቄ በኩል ያልፋል። የትኛውንም ብጠራ ከቁጥሩ ጀርባ እሱ ቆሞ ይስቃል።

አንድ ሺህ እላለሁ። ለአቶ ንጋቱ ላክሁበት።

ኅዳር 1፣ ሐሙስ

ዛሬ ራሱ መጣ። ተሰማ። በአራት ዓመት ውስጥ ሱቄን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው።

ደህና ዋልሽ አለ። ደህና ዋልክ አልኩ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ እየዳሰሰ ቆመ።

“የወናጎው ሰውዬ አንቺ ነሽ አሉ።”

“ማን አለ?”

“ንጋቱ ነዋ። ቅዳሜ ዕለት።”

ቅዳሜ ማለት ያስማልኩት ዕለት ነው። ሱሪውን በነፃ ነበር ያሳጠርኩለት።

እንዳልቆጣ አለሳልሶ ነበር የሚያወራው። ለነጋዴው አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሊለቅለት አስቦ ነበር። አልማዝ አይደለም፣ ወርቅ አይደለም፣ የጭቃ ቤት ነው አለ። እኔ መሆኔን ሲሰማ ግን ከሺህ አምስት መቶው አልወርድም ብሏል። “አንቺ ለዚያ ቤት የማትሰጪው የለም። እኔ አውቅሻለሁ” አለኝ።

እጅህን ከሰው ጨርቅ ላይ አንሳ አልኩት። አነሳ። ሄደ።

ያቃጠለኝ ክፋቱ አይደለም ደብተሬ፣ እሱን ለምጄዋለሁ። አውቅሻለሁ ማለቱ ነው። ሰባት ዓመት ስለኔ ያወቀውን ዋጋ ላይ ጨመረው።

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ

እርም ብዬ ሌላ ቤት ላይ ሄድኩ። ወደ ወናጎ መውጫ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ። ሣር ክዳን፣ ከጀርባው እንሰት፣ ባለቤቱ ደህና ሰው፣ ስድስት መቶ ብቻ ይላል። ማርታም አብራኝ መጣች፣ ወደደችው። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ የማስበው የዚያኛውን ቤት መስኮት ነበር። እዚህ ቢገባ እያልኩ በዓይኔ እለካለሁ።

ተ. እውነቱን ነው። ይህን መጻፍ እንዴት እንደሚያስጠላ።

ኅዳር 5፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ብርቄ አሁን ከዚህ ወጣች። እጄ ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ለሕፃን መጠቅለያ የሚሆን አቡጀዲ ይዛ መጣች።  ጨርቁን ተቀብዬ ለካሁ። ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ “እትዬ፣ አንቺ ነሽ አሉኝ” አለች።

“እኔ ነኝ።”

“ጭቃውን ያቦካሽው አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ።”

“ስትወጪ ምን ሰጡሽ?”

“ይህችን መኪናና አልጋ።”

መኪናዋን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ፣ “እኔ ስፌት አልችልም” አለች።

 አላለቀሰችም፣ ተ.ን አላማችም፣ ቤቱን አትግዢ አላለችኝም። ዋጋዬን ጠየቀችኝ፣ አልቀበልሽም አልኳት፣ አመስግና ወጣች። መንገዱን ስትሻገር ወገቧን በእጇ ደግፋ ነው።

እንበል ቤቱ ተሸጠ፣ ኤንትሬው በሱ ስም ሆነ፣ አንድ ቀን ደግሞ ለፍቺ ሽማግሌ ተቀመጠ። ለሷ ምን ይፈርዱላታል? አልጋ። አልጋውም የኔ ነው፣ እኔ ጋ ነው ያለው። ተ. ሌላ ገዝቶ ከሆነ እንጃ።

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

ዋጋዬን ቆረጥኩ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ፣ በአንድ ጊዜ፣ በእጅ። ግን ውሉ ላይ ብርቄ ሻጭ ሆና ትገባለች፣ ግማሹም ሽማግሌ ፊት በሷ እጅ ይቆጠራል። ከዚህ ውጪ አምስት ሳንቲም የለም።

የጎደለኝን በዕቁብ ሞላሁ፣ ባለሱቁ ሸሪፍ ተራውን ለወጠኝ። ጉራጌ ነው፣ ነገር አያበዛም፣ ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም።

አቶ ንጋቱ ተ. ይህን አይቀበልም አለኝ። ለቤቱ የማልሰጠው እንደሌለ ነግሮኛል፣ ይኸው ሰጠሁ በለው አልኩት። ማርታ ደግሞ አብደሻል አለችኝ፣ ከዚያ ልትጸልይልኝ ገባች። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ ያኔ የፈረዱብኝ ናቸው። አርጅተዋል። እኔም።

ተ. ግማሹን ሲሰማ ብድግ አለ። ሚስቴን ከኔ ልትለይ ነው አለ፣ ምቀኝነት ነው አለ፣ ነጋዴው አለልኝ አለ። ይሂድ አልኩ በልቤ። ነጋዴው እስከ ታኅሣሥ ገንዘብ እንደሌለው እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። የሻሸመኔው ሸሪኩ ደግሞ እስከ ፊታችን ሐሙስ ብሎታል። በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ፣ ተቀመጠ።

አንደኛው ሽማግሌ፣ “ከመቼ ወዲህ ነው ሚስት ቤት ሻጭ የሆነችው?” ብለው ጠየቁኝ።

“አባቴ፣ ያኔ እኔም ሻጭ ብሆን ኖሮ ዛሬ ገዢ አልሆንም ነበር” አልኳቸው።

በትራቸውን ይመለከቱ ነበር።  ቆይተው ግን፣ ግማሽ ይበዛል፣ አራት መቶ ይድረሳት ብለው ቆረጡ። ተ. እያጉረመረመ ፈረመ። ብርቄ አሻራዋን አደረገች። አራት መቶው በመዳፏ ላይ ተቆጠረ። ገንዘብ ያን ያህል ይዛ አታውቅም፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ስትቋጥረው ሦስት ጊዜ ፈታችው።

ቤቱ የኔ ነው። በስሜ። ደስታው ዛሬ አልመጣም። ነገ ይሆናል።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

ነገም አልመጣም።

ቁልፉን ተቀበልኩ። ገበያው ሁሉ ዘነበች ተሞኘች እያለ ነው፣ የሺህ ብሩን ቤት በሺህ ሦስት መቶ። ይበሉ።

አቶ ንጋቱ ግን፣ አፉን የማይዘጋው፣ ኮሚሽኑን ሊቀበል መጥቶ ነገረኝ። ቅዳሜ ዕለት ገና ከሽማግሌው ደጅ ሳይርቁ፣ ከመታጠፊያው ጋ፣ ብርቄ ነጠላዋን ፈትታ አራት መቶውን ለባሏ ሰጠችው። አላስገደዳትም። ለመኪናው ጨምርበት አለችው አሉ። በዓይኔ አየሁ ይላል።

ስንት ወር የሰፋሁት ኮሌታ ነው። ስንት ዓመት። ቁጭ አልኩ። ሄጄ ልቆጣት ተነሳሁ፣ ደግሞ ቁጭ አልኩ። እኔስ በሷ ዕድሜ? ተ. ቆርቆሮ ልግዛ ሲለኝ የስፌቱን ገንዘብ ከነመቋጠሪያው ነበር የሰጠሁት። ውሉ ላይ ስሜ ይግባ አላልኩም። ማለት እንደሚቻልም አላውቅም ነበር።

ማርታ፣ ከሰጠሽ በኋላ ያንቺ አይደለም አለችኝ። ጥቅስ መስማት አልፈለግሁም። ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ኅዳር 18፣ እሁድ

ሄዱ። ዕቃቸው ሻሸመኔ በሚሄድ የቡና መኪና ላይ ተጫነ። ብርቄ ከፊት ተቀምጣ እጇን አወዛወዘችልኝ። አወዛወዝኩላት። ተ. ወደ ሌላ በኩል ያይ ነበር።

ቤቴን ጠረግሁ። መስኮቱ ስር ያለውን ቀርፌ በጭድ እንደገና መረግሁት፣ ዛሬ ወገቤ አልታዘዝ ብሏል።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ የት/ቤት መምህር መጣ። በቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል ልከራይ አለኝ፣ ጨዋ ነው፣ የሚከፍለውም ደህና ነው። ያለብኝን ዕቁብ ይሸፍንልኝ ነበር። ተይዛለች አልኩት። ማርታ በማን አለችኝ። መጥረጌን ቀጠልኩ፣ ገባት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅስ አልጠቀሰችም።

ደግ ሆኜ እንዳይመስልህ ደብተሬ። እልህ ነው። ያንን ሰው እኔም አውቀዋለሁ፣ እሱ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ክፍሏን አላከራይም። ብርቄ ባዶ እጇን ብትመለስ መግቢያ አላት። እስክትወልድ፣ ከወለደችም በኋላ የሆነውን እስካይ ድረስ። ነገ አንዲት ፍራሽ እገዛለሁ፣ አልጋውን ወደዚያ አስገባዋለሁ። እኔ መሬትም ቢሆን እተኛለሁ።